የገበሬ ሚስት የሣለችው

ታሪክ ሲባል ለብዙዎቻችን ወዲያው የሚታሰበን የነገሥታት ዘውድ፥ የጦር ሜዳና የድል በዓል ነው። ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የአንዲት የገበሬ ሚስት ታሪክ ለመጻፍ መነሣቴን የሰሙ ጓደኞቼ «እርሷ ደግሞ ምን ታሪክ አላት?» ብለው ሳቁብኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። በቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ የሥዕል መጽሐፍ ሳገላብጥ ዐይኔ ባንድ ገጽ ላይ ቀረ። በሥዕሉ ላይ ንጉሥም ወታደርም የለም። በደጅ እሳት ይነዳል፤ በእሳቱ ላይ ትልቅ ድስት ተጥዷል፤ ሰዎች ፖም እየለቀሙ ማርማላታ ይሠራሉ። ሥራ የፈታ ሰው እምብዛም አይታይም። ሥዕሉ የተሣለው በ1947 ዓ.ም. ሲሆን፥ የሣሉት ሴት በዚያን ጊዜ ከሰማንያ ስድስት ዓመት ያላነሰ ዕድሜ እንደ ነበራቸው፥ ከዚያም በፊት ይህንኑ ሥራ በገዛ እጃቸው ሲሠሩ እንደ ኖሩ ባነበብሁ ጊዜ፥ ለጓደኞቼ ጥያቄ መልስ ያገኘሁ መሰለኝ።

እኚህ ሴት የተወለዱበት ስም አና ሜሪ ሮበርትሰን ነው። ዓለም የሚያውቃቸው ግን «ግራንድማ ሞዝስ» በሚል ስም ነው። ግራንድማ ማለት አያት ማለት ነው፤ ሞዝስም እኛ ሙሴ የምንለው የነቢዩ ስም ነው። በአሜሪካ ልማድ ሴት ስታገባ የአባቷን ስም ትታ የባሏን የቤተሰብ ስም ትይዛለች፤ በእኛ አገር ግን ሴት ልጅ ባል ብታገባም የአባቷ ስም አይለቃትም። እንግዲህ እኚህ ሴት ከታወቁበት ስም ግማሹ ከባላቸው፥ ግማሹም ከልጅ ልጆቻቸው የመጣ ነው ማለት ይቻላል። በሥዕሎቻቸውም ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርሙት «ሞዝስ» ብለው ነበር።

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። አና ሜሪ በሴፕቴምበር 7 ቀን 1860 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ግዛት፥ ግሪንዊች በምትባል ሥፍራ ተወለዱ። በእኛ አገር ይህ ዘመን የዐፄ ቴዎድሮስ ዘመነ መንግሥት ነበር፤ በአሜሪካም የርስ በርስ ጦርነት ሊነሣ ጥቂት ወራት ብቻ ቀርተው ነበር። ኒው ዮርክ ሲባል ሰማይ ጠቀስ ፎቅ ብቻ የሚታሰበው ሰው ይኖራል፤ ግዛቲቱ ግን ከከተማይቱ ወደ ሰሜን ሲሄዱ ኰረብታና ጫካ፥ የወተት ላምና የእርሻ መሬት የበዛባት አገር ናት። አባታቸው ገበሬ ሲሆኑ፥ ከተልባ አገዳ ለልብስ የሚሆን ጭረት የሚወጣበት ማዘጋጃም ነበራቸው። አና ሜሪ ከዐሥር ልጆች ሦስተኛዪቱ ነበሩ።

አባትየው ለልጆቻቸው ከረሜላ ከመግዛት ነጭ ወረቀት መግዛትን ይመርጡ ነበር ይባላል፤ ከረሜላ ወዲያው ያልቃል፥ ወረቀት ግን ልጆችን ሲያጫውት ይውላልና። ቀለም ሲጠፋ ሕፃኒቱ የወይንና የሎሚ ጭማቂ በጣታቸው እያጠቀሱ ይሥሉ ነበር። ትምህርትን በተመለከተ የሚነገር ብዙ ነገር የለም። ትምህርት ቤቱ ባለ አንድ ክፍል ቤት ነበር፤ ክረምቱ እጅግ ብርቱ፥ የሚለበሰውም የሚያሞቅ ልብስ ጥቂት ስለ ነበረ፥ ሴቶች ልጆች በብርድ ወራት እምብዛም አይሄዱበትም ነበር። ያ ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ኋላ ወደ ቤኒንግተን ሙዚየም ተወስዶ ጎብኚዎች የሚያዩት ሆኗል።

ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናቸው ከወላጆቻቸው ቤት ወጥተው በሰው ቤት ተቀጠሩ። ይህ ነገር ድንገተኛ ችግር ያመጣው አልነበረም፤ በዚያን ጊዜ ብዙ ልጅ ያለው ገበሬ ሴት ልጁን ለቅጥር መስጠቱ የተለመደ ነበር። ምግብ ማብሰል፥ ልብስ ማጠብና መተኰስ፥ ሽማግሌ ማስታመም፥ ይህን ሁሉ በሰው ቤት ተማሩ፤ ለዐሥራ አምስት ዓመት ያህልም በዚሁ ሥራ ኖሩ። ካገለገሏቸው ቤተሰቦች አንዱ፥ ልጂቱ በግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን የታተሙ ሥዕሎች ቆመው ሲመለከቱ አይቶ ጠመኔና የሰም ቀለም ገዛላቸው። ከዚህ በኋላ ግን ብዙ ዓመታት እስኪያልፉ ድረስ ለሥዕል የሚሆን ጊዜ አልተገኘም።

በ1887 ዓ.ም. በሃያ ሰባት ዓመታቸው ቶማስ ሳልሞን ሞዝስ የሚባል ቅጥር የእርሻ ሠራተኛ አገቡ። ሙሽሮቹ ለቶማስ በፈረስ እርባታ ሥራ ተገኝቶ ነበርና ወደ ሰሜን ካሮላይና ለመሄድ በባቡር ተነሡ። በመንገድ ላይ በቨርጂንያ ግዛት በስታንተን ከተማ ዐደሩ። እዚያም ሰዎች «ከዚህ ወዴት ትሄዳላችሁ? እዚሁ የሚከራይ እርሻ አለ» ብለው መከሯቸው፤ እነርሱም ምክሩን ተቀብለው ቀሩ። ለአንድ ሌሊት ያረፉበት አገር የዐሥራ ስምንት ዓመት መኖሪያቸው ሆነ።

ይህ አገር የሸናንዶአ ሸለቆ ይባላል። መሬቱ ለም ነው። ሆኖም ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት፥ በ1864 ዓ.ም.፥ የሰሜኑ ጦር የደቡቡን ጦር ስንቅ ለማሳጣት ጎተራውንና ወፍጮውን ያቃጠለበት ሸለቆ ነው። ከሰሜን የመጡት እነ ሞዝስ በዚያ የሰው መሬት ተከራይተው እርሻ ጀመሩ፤ ከብዙ ዓመት ድካም በኋላም የራሳቸውን መሬት ለመግዛት በቁ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። አና ሜሪ ሠርተው ባጠራቀሙት በራሳቸው ገንዘብ አንዲት ላም ገዙ። ወተቷን እያለቡ፥ ቅቤውን እየናጡ ይሸጡ ጀመር። ቀጥሎም ድንች በስሱ እየቈረጡና በቅባት እየጠበሱ ለገበያ አቀረቡ፤ ይኸውም ዛሬ እኛ ቺፕስ እያልን የምንበላው ነው። ኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው እንደ ገለጡት፥ ቁጭ ብሎ ከባል እጅ ገንዘብ መቀበልን አይወዱም ነበር፤ ሚስት የራሷን ድርሻ ወደ ቤት ማግባት አለባት የሚል ጽኑ አሳብ ነበራቸው። ቅቤ መናጥ ምን ያህል ክንድ እንደሚያደክም እናቶቻችን በቅልና በእንስራ ሲንጡ ያየን ሁሉ እናውቃለን። እንግዲህ ሰማዩ ሳይነጋ ተነሥቶ ማለብ፥ መናጥ፥ ማጠብ፥ መመጠን፥ ከዚያም ለቤተሰቡና ለእርሻ ሠራተኞች ቁርስ ማቅረብ፥ ይህ ሁሉ የቀኑ መጀመሪያ ብቻ ነበር።

የዚያ ዘመን የአሜሪካ ገበሬ ሚስት ሳምንቷን በሥራ ትከፍለው ነበር፤ ሰኞ ልብስ ማጠቢያ፥ ማክሰኞ መተኰሻ ነው፤ ዳቦ የሚጋገርበት፥ የተቀደደ የሚሰፋበት፥ ቤት የሚጸዳበትም ቀን እንዲሁ የታወቀ ነበር። ከዚህ በላይ ደግሞ የየወራቱ ሥራ አለ። ሳሙና ለመሥራት ባመድ ላይ ውኃ እያፈሰሱ ያጣሩታል፤ በጠለለው የአመድ ውኃም ሞራ ጨምረው እስኪወፍር ድረስ ያፈሉታል። ሻማ ለመሥራት ክሩን በቀለጠ ሞራ ውስጥ እየነከሩ ያወጣሉ፤ ሲደርቅ እንደ ገና ይነክሩታል፤ እንዲህ እያለ ይወፍራል።

የፖም ማርማላታ ሥራ ግን ከሁሉ ይልቅ ሰው የሚያስፈልገው ነው። አስቀድሞ የፖሙ ጭማቂ በትልቅ ድስት እስኪጎድል ድረስ ይፈላል፤ ከዚያም የተላጠና የተቈራረጠ ፖም ይጨመርበታል። ከዚህ በኋላ ለብዙ ሰዓት ያለ ማቋረጥ ማማሰል ነው፤ እጅ ከተፈታ ከሥር ያርራልና። ማማሰያው በጣም ረጅም ነው፤ እሳቱ እንዳይለበልብ ማማሰል የሚቻለው ራቅ ብሎ ቆሞ ነው። አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀበለዋል። መጽሐፉን ስከፍት ያየሁት ሥዕል ይህንኑ የሚያሳይ ነው።

በቨርጂንያ ሳሉ ዐሥር ልጆች ወለዱ። አምስቱ በሕፃንነታቸው ሞቱ።

በ1905 ዓ.ም. ባላቸው ቶማስ አገራቸው ስለ ናፈቃቸው ቤተሰቡ ወደ ኒው ዮርክ ግዛት ተመልሶ በኢግል ብሪጅ እርሻ ገዛ። ለእርሻውም ናባው ተራራ የሚል ስም አወጡለት። መጽሐፍ ቅዱስን የሚያነብ ሰው የስሙ ነገር አይጠፋውም፤ ነቢዩ ሙሴ የተስፋይቱን ምድር ከሩቅ አይቶ ሳይገባባት የሞተው ወደ ናባው ተራራ ወጥቶ ነው። ሰውየው ስማቸው ሞዝስ ስለ ሆነ ነገሩ እንደ ቤተሰብ ጨዋታ ነበር። በ1927 ዓ.ም. ግን ቶማስ ሞዝስ ናባው በተባለው በዚያው እርሻ ላይ በልብ ሕመም ሞቱ። አርባ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ አንድ ማእድ የተካፈሉት ባልና ሚስት በዚህ ተለያዩ። አና ሜሪ በዚያን ጊዜ ስድሳ ስድስት ዓመታቸው ነበር፤ እርሻውንም ከአንድ ወንድ ልጃቸው ጋር ሆነው ያካሂዱ ጀመር።

በዚህ መካከል በ1918 ዓ.ም. የሆነ አንድ ትንሽ ነገር አለ። የእንግዳ መቀበያውን ክፍል በወረቀት ሲለብዱ ወረቀቱ አለቀባቸው። የቀረው በበጋ ጊዜ የእሳት ምድጃውን አፍ የሚሸፍነው ሰሌዳ ነበር። ባለሙያ ሴት ደግሞ የተጀመረ ሥራ ጎዶሎ ሆኖ ሲቀር አትወድምና፥ በሰሌዳው ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፈው ዛፎችና ውኃ ያለበት አገር ሣሉበት። ሠዓሊ ለመባል የተሣለ አልነበረም፤ ክፍሉ እንዳይጎድል ተብሎ ነው።

ሥዕልን አጥብቀው እንዲይዙ ያደረጋቸው ነገር ግን ሕመም ነው። በ1930ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ሴት ልጃቸው በሳንባ ነቀርሳ ታማ ነበርና ሊያስታምሟት ወደ ቤኒንግተን ሄዱ። ልጂቱ በሱፍ ክር የተጠለፈ ሥዕል ብትወድ፥ እናቲቱም ይህን እየጠለፉ ይሰጡ ጀመር። ልጂቱ ሞተች፤ እርሳቸውም የልጅ ልጆቻቸውን በማሳደግ ረዱ። ጥልፉም እንደ ቀጠለ ነበር፤ በኋላ ግን እጃቸውን ቁርጥማት ስለ ያዘው መርፌ መጨበጥ አቃታቸው። «ከመርፌ ይልቅ ቡሩሽ ይቀልሽ ይሆናል» ያለቻቸው እኅታቸው ናት። በዚህ ሁኔታ ዕድሜያቸው ሰባ አምስት ዓመት ካለፈ በኋላ መርፌውን በቡሩሽ ለወጡ። ቀኝ እጃቸው ሲያማቸውም በግራው ይሥሉ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ሥዕሎች ወደ አገሩ የገበሬዎች ትርኢት ላኳቸው፤ ከሥዕሎቹም ጋር በጠርሙስ የታሸገ ፍሬና ማርማላታ አብረው ሰደዱ። ፍሬውና ማርማላታው ተሸለመ፤ ሥዕሎቹን ግን ከቁም ነገር የቈጠራቸው አልነበረም። ስለ እርሳቸው የሚጽፉ ሰዎች ይህን ሲያነሡ በዳኞቹ ላይ ይስቃሉ። እኔ ግን ዳኞቹ ሞኞች ነበሩ ብዬ አላምንም። የመቅመስን ሙያ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩና ያወቁትን መረጡ።

በ1938 ዓ.ም. ሥዕሎቹ ሁሲክ ፎልስ በምትባል ትንሽ ከተማ በአንድ መድኃኒት ቤት መስኮት ውስጥ፥ ሌሎች ሴቶች ለሽያጭ ካመጧቸው የእጅ ሥራዎች ጋር ተደርድረው ነበር። ዋጋቸው እንደ ስፋታቸው ከሦስት እስከ አምስት ዶላር ነው። ሉዊስ ካልዶር የሚባል ከኒው ዮርክ ከተማ የመጣ ሥዕል ሰብሳቢ በዚያ ሲያልፍ አያቸውና ያገኛቸውን ሁሉ ገዛ። ከዚያም የሣዪዋን ቤት ጠይቆ ሄደ። አያቲቱ በቤት አልነበሩም፤ የልጃቸው ሚስት ግን «ዐሥር ያህል ሥዕል አላቸው፤ ነገ ተመለስ» ብላ ሰደደችው። ማታ ሲገቡ ቢቈጥሩት ዘጠኝ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ምራቲቱ የተናገረችው ቃል እንዳይታጠፍ አንዱን ትልቅ ሥዕል ከመካከሉ ቈርጠው ሁለት አደረጉትና ዐሥር ሞላ። ይህን ራሳቸው በታሪካቸው መጽሐፍ ያወጉታል። እኔ ከታሪካቸው ሁሉ ይህን እወደዋለሁ፤ የኪነ ጥበብ ሰው ሥዕሉን እንዲህ አይቈርጥም፤ ለእንግዳ የቀረበው እንጀራ ቢያንስ ከመካከሉ ቈርጣ ለሁለት የምታዳርስ እናት ግን ታደርገዋለች።

በ1939 ዓ.ም. ከሥዕሎቹ ሦስቱ በኒው ዮርክ ዘመናዊ የኪነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ያልታወቁ ሠዓልያን ሥራ በቀረበበት ትርኢት ታዩ። በ1940 ዓ.ም. ኦክቶበር ወር ደግሞ፥ ኦቶ ካሊር የሚባለው ከናዚዎች ሸሽቶ ከቪየና የመጣ ሰው በኒው ዮርክ በከፈተው የሥዕል አዳራሽ ውስጥ ለብቻቸው ትርኢት ተደረገላቸው። የትርኢቱም ስም «የገበሬ ሚስት የሣለችው» የሚል ነበር። የዚህን ጽሑፍ ርእስ ያገኘሁት ከዚያ ነው። ልብ በሉ፤ ሰማንያ ዓመት የኖሩት ሴት ስማቸው በርእሱ ላይ አልተጻፈም።

በሚቀጥለው ወር በአንድ ትልቅ የኒው ዮርክ መደብር ውስጥ በምስጋና ቀን በዓል ምክንያት ተጋብዘው ሄዱ። ጥቁር ልብሳቸውንና ትንሽ ጥቁር ባርኔጣቸውን አድርገው በብዙ ሕዝብ ፊት ቆሙ። ሕዝቡ ስለ ሥዕል ሊሰማ መጥቶ ነበር፤ እርሳቸው ግን የተናገሩት ስለ ማርማላታ አሠራር ነው። ካመጡትም ጠርሙሶች እያሳዩ አስረዱ። ጋዜጦቹ በዚህ ተደነቁ፤ «ግራንድማ ሞዝስ» የሚለው ስምም በዚህ ዓመት ተስፋፋ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልለፈው፤ በየመጽሐፉ የሚገኝ ነውና። በ1949 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ትሩማን በዋሽንግተን ሽልማት ሰጧቸው፤ ፒያኖም መቱላቸው። በ1952 ዓ.ም. የሕይወት ታሪካቸው ታተመ። መቶ ዓመት በሞላቸው በ1960 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ገዢ የልደታቸው ቀን በስማቸው እንዲጠራ አወጀ። ሥዕሎቻቸው በገና ካርዶች ላይ እየታተሙ በየቤቱ ገቡ፤ በ1969 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቤት አንዱን ሥዕላቸውን ቴምብር አደረገው። በቡሩሽ በሠሩባቸው ሃያ ጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአንድ ሺህ አምስት መቶ የማያንሱ ሥዕሎች ሣሉ። በ1943 ዓ.ም. የሣሉት የስኳር ዛፍ ለቀማ ሥዕል በ2006 ዓ.ም. ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ያለው ዋጋ አምስት ዶላር እንደ ነበረ አይዘነጋም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ስለ እኚህ ሴት ሲነገር ሁልጊዜ የሚደጋገም አንድ አባባል አለ፤ ይኸውም «ሥራቸውን የጀመሩት በሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው» የሚለው ነው። ይህ የሚነገረው ሽማግሌዎችን ለማበረታታት እንደ ሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን እውነት አይመስለኝም። ሥራ የጀመሩት በዐሥራ ሁለት ዓመታቸው ነው። የሥዕላቸውን አሠራር የተመለከተ ሰው ይህን ወዲያው ይረዳል። አስቀድመው የሚያዘጋጁት ፍሬሙን ነው፤ ቀጥለው ማሶናይት የሚባለውን ተጠፍጥፎ የተሠራ የእንጨት ሰሌዳ በፍሬሙ ልክ ይቈርጡታል፤ ከዚያም ሦስት ጊዜ ነጭ ቀለም ይቀቡታል። ዕቃ አይባክንም፥ ልክም አይሳሳትም። ሲሥሉ ከሰማዩ ጀምረው ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ተራራው ይከተላል፥ ቀጥሎ ዛፉና ቤቱ፥ ቀጥሎ ከብቱ፥ በመጨረሻም ሰዎቹ። የሰማዩ ቀለም በቡሩሹ ላይ ሳለ ሦስት አራት ሰሌዳ አሰልፈው የሁሉንም ሰማይ ባንድ ጊዜ ይቀባሉ። ይህ በሥዕል ትምህርት ቤት የሚሰጥ ትምህርት አይደለም። ምጣድ ከሞቀ ላይቀር ሌላም ይጋገር የምትል ሴት ሥራ ነው፤ እኛ በአማርኛ ባልትና የምንለው ነው። ራሳቸውም ሥዕል ባይሆን ኖሮ ዶሮ አረባ ነበር ብለው እንደ ተናገሩ ይታወቃል። ሰው ይህን እንደ ቀልድ ይወስደዋል፤ እኔ ግን የምራቸውን ይመስለኛል።

የሣሉትም የሠሩትን ነው። የልብስ ማጠቢያው ቀን፥ የሳሙናው ፍል፥ ሴቶች በደቦ ተሰብስበው ከቁርጥራጭ ጨርቅ ብርድ ልብስ ሲሰፉ፥ ሁሉም አለ። የስኳር ዛፍ የተባለው ሜፕል የሚሉት ሲሆን፥ በክረምቱ መውጫ ሌሊቱ በረዶ፥ ቀኑ ፀሓይ በሚሆንበት ጊዜ ግንዱ ተበስቶ ፈሳሹ በባልዲ ይቀዳል። አንድ ሊትር ሽሮፕ ለማግኘት አርባ ሊትር ያህል ፈሳሽ ማፍላት ያስፈልጋል። በሥዕሎቹ ላይ በበረዶው መካከል እሳቱ ሲነድ፥ በሬዎችና ፈረሶች ሲጎትቱ፥ ልጆች በበረዶ ላይ የሚፈሰውን ትኩስ ጣፋጭ ሲጠብቁ ይታያል። ይህን ሥራ ማን ጀመረው፥ ማን ተቀበለው፥ ስንት ሰው ፈጀ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ሥዕሉ እንደ መዝገብ ነው። የመንግሥት የቈጠራ ደብተር ስለ ገበሬ ሚስት ብዙ አይናገርም፤ የቤት ሥራ ከሙያ ተራ አይገባም ነበርና።

የታሪክ መምህራችን ግን ማናቸውም ምንጭ ሲቀርብላችሁ «ምን ሳይናገር ቀረ?» ብላችሁ ጠይቁ ይሉናል። በዚህ መንገድ ብመረምራቸው ሥዕሎቹ የሚጎድላቸው ነገር አለ። በ1940ዎቹ በኢግል ብሪጅ ትራክተርም የስልክ እንጨትም ነበረ፤ በሥዕሎቹ ላይ ግን አይታይም። ዓለም በጦርነት ላይ ሳለ፥ ፋብሪካውም ሰውን ሁሉ ከእርሻ እየሳበ ሳለ፥ ከተሜው እነዚህን ሥዕሎች የወደደው ያለፈው ዘመን ሰላም ብቻ የነበረ አስመስለው ስለሚያሳዩት ሊሆን ይችላል። ባለሙያ ከተባሉት ተቺዎችም ጥቂት የማይባሉት በዚሁ ምክንያት ናቋቸው። አያቲቱ ነጐድጓድና የከተማ ቃጠሎ ሥለዋል፤ ስለዚህ ክፉ ነገርን ፈጽሞ አልሣሉም አይባልም። በቨርጂንያ የቀሩትን የአምስቱን ሕፃናት መቃብር ግን እኔ ባየኋቸው ሥዕሎች ሁሉ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁትም። በጽሑፍ ግን አለ። በታሪካቸው መጽሐፍ፥ በዚያ ውብ ሸለቆ አምስት ትንንሽ መቃብሮች ትተው እንደ መጡ በአጭር ቃል ይናገራሉ፤ ከዚያም ወደ ሌላ ወሬ ያልፋሉ።

ይህን በማንበቤ መጀመሪያ አዘንሁባቸው። እንዴት እናት በዚህ ያልፋል? አልሁ። በኋላ ግን የሸለቆውን ሥዕሎች እንደ ገና አየኋቸው። ተራራው፥ ቤቱ፥ ሰዎቹ የሚማስሉት ድስት፥ ሁሉ የተሣለው አገሩን ከለቀቁ ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ ነው። ይህን ያህል ጊዜ ያንን ሥፍራ ሳይረሱ የኖሩት ስለ ፖም ማርማላታው ብቻ ነው ብዬ ለማመን አልቻልሁም።

በዚያ ሸለቆ ውስጥ ቅቤ ሲንጡና ልጅ ሲቀብሩ የኖሩ ሌሎች ብዙ ሴቶች ነበሩ። እነርሱም ያማስሉ ነበር። እጃቸውን ቁርጥማት ያልያዘው መርፌያቸውን ይዘው ሞቱ፤ የጠለፉትንም ብል በላው።

ግራንድማ ሞዝስ በመቶ አንደኛ ዓመታቸው፥ በ1961 ዓ.ም. በጋ፥ ቀስተ ደመና የሚባለውን ሥዕል ሣሉ። ከሥዕሎቻቸው ሁሉ የመጨረሻው ይህ ነው ይባላል። ከዚያ በኋላ ጉልበታቸው ስለ ደከመ በሁሲክ ፎልስ ወዳለው የሕክምና ቤት ተወሰዱ፤ እንዲያርፉም ታዘዙ። አንድ ቀን ሐኪሙ የልብ ማዳመጫውን ፈልጎ አጣው። የደበቁት እርሳቸው ነበሩ። ወደ ኢግል ብሪጅ ወደ ቤቴ ከመለስኸኝ እመልስልሃለሁ፥ ይህ መያዣ ነው አሉት። ሐኪሙ አልፈቀደም። ዲሴምበር 13 ቀን 1961 ዓ.ም. በዚያው ዐረፉ፤ ፕሬዚዳንት ኬኔዲም የኀዘን ቃል አወጡ።